ነጥቡን ሳያዩ ጠጠሩን መፍረድ
(በቅሬያችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በመዝናኛ ኮሚቴው የተደረገ ንግግር)



የሒሳብ ሪፖርቱ ከተሰማ፣ የድንኳኑና የድስቱ ጉዳይም መላ ከተበጀለት በኋላ ስለ ጨዋታ እንድንናገር ጊዜ ስለተሰጠን በኮሚቴው ስም እናመሰግናለን። አንዳንዶቻችሁ «ደግሞ ቅሬንና ጨዋታን ምን አገናኘው? እኛ የተሰባሰብነው ለመቀባበር ነው» እያላችሁ በሆዳችሁ እንደምታጉረመርሙ እናውቃለን። እውነታችሁን ነው። ይሁንና ዛሬ የምንናገረው የጨዋታ ነገር አንድ አባላችንን ከመካከላችን ሊያወጣ የደረሰ ስለሆነ፣ እስኪያልቅ ድረስ በትዕግሥት እንድታዳምጡን እንለምናለን።

እንደምታውቁት በአዳራሻችን እሑድ እሑድ መዋጮ ከተሰበሰበ በኋላ ዳማ፣ ካርታና ጣውላ ይወጣል። ዳማውንና ካርታውን ሁሉም ያውቀዋል። ጣውላ ግን ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ስለሆነ ጥቂት እንበልበት። ጣውላችን አንዲት ናት፤ ያመጧትም ጡረታ የወጡ አንድ የአሰብ መንገድ ሾፌር አባላችን ናቸው። ያን ጊዜ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲና በሚሌ አድርጎ አሰብ የሚገባ ሾፌር፣ ወደብ ላይ ጭነት እስኪደርሰው ቀናት ይቆጥር ነበርና ሙቀቱን የሚያስረሳው ነገር ይፈልጋል። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ ያ መንገድ ሲዘጋ፣ የመኪናው አፍንጫ ወደ ጂቡቲ ዞረ፤ ጣውላይቱ ግን እኛ ዘንድ ቀረች።

በአማርኛችን ጣውላ ስንል አናጢ የሚልገው እንጨት ነው። ዓረቦቹም ጨዋታውን «ጣውላ» ይሉታል፤ ቱርኮች ደግሞ «ታቭላ»። እንግሊዞቹ ባክጋሞን ብለውታል። ዳይሱን ቱርኮች «ዛር» ነው የሚሉት። እኛ አገር ዛር ሌላ ነገር ቢሆንም፣ ባሕርዩን ላየ ሰው ብዙም የሚራራቅ አይደለም፤ ሲፈልገው ይወርዳል፣ ሲፈልገው እንቢ ይላል።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ ደግ አይሆንም። በእስልምና ብዙ ሊቃውንት ዳይስ የሚጣልበትን ጨዋታ እንደሚከለክሉ እናውቃለን። ስለሆነም ጣውላ በለቅሶ ቤት አይወጣም፣ ገንዘብ አይያዝበትም፤ የማይፈልግ አባልም በዳማው በኩል ይቀመጣል እንጂ ለምን አልተጫወትክም ተብሎ አይጠየቅም። ይህ ከሸሆቻችንም ከቄሶቻችንም ጋር ተነጋግረን የተስማማንበት ስለሆነ ዛሬ እንደገና አንከፍተውም።

ጨዋታው ባጭሩ እንዲህ ነው። ሰሌዳው 24 ቤት አለው። እያንዳንዱ ተጫዋች 15 ጠጠር ይዞ፣ በሁለት ዳይስ እየቆጠረ ጠጠሮቹን ሁሉ ወደ ራሱ ጓዳ፣ ማለትም ወደ መጨረሻዎቹ 6 ቤቶች ያስገባል፤ ሁሉም ከገቡ በኋላ አንድ በአንድ ያወጣቸዋል። ቀድሞ ጨርሶ ያወጣ ያሸንፋል። ሁለት ጠጠር አብረው የቆሙበትን ቤት ባላጋራ አይነካውም። ብቻውን የቆመ ጠጠር ግን ይመታል፤ የተመታውም ከሰሌዳው ወጥቶ ከባላጋራው ጓዳ ጀምሮ እንደገና ይጓዛል። ልክ ባቲ ደርሶ ወረቀት ረስተሃል ተብሎ ወደ አሰብ እንደተመለሰ ሾፌር ማለት ነው።

ከዚህ በላይ የዛሬው ንግግራችን ምሰሶ የሆነ አንድ ደንብ አለ። ተሸናፊው አንድም ጠጠር ሳያወጣ ባላጋራው 15ቱንም አውጥቶ ከጨረሰ፣ ያ ማሸነፍ «ማርስ» ይባላል፤ በአንድ ፈንታም ሁለት ነጥብ ይቆጠራል። እኛ የምንጫወተው እስከ 5 ነጥብ ነው። ቀድሞ 5 የደረሰ ዋንጫውን ይወስዳል። ዋንጫ እንላለን እንጂ ዕቃው እንኳ የሻይ ትሪ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ።

ባለፈው ዓመት በተደረገው የፍጻሜ ግጥሚያ ላይ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ስም አንጠራም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አባላችን 4 ለ 3 እየመራ ነበር። አንድ ነጥብ ብቻ ቀርቶታል። ዳይስ ጣለ፤ 5 እና 2 ወጣለት። ባላጋራው በአባላችን ጓዳ ውስጥ አንድ ጠጠር ብቻውን ትቶ ነበር፤ ሌላም አንድ ጠጠር ውጭ ላይ ተንጠልጥሎበታል። አዳራሹ በሙሉ «ምታ! ምታው እንጂ!» እያለ ጮኸ። ቢመታው፣ ያንንም ሁለተኛውን ቢያገኘው፣ ማርስ የሚያወጣ ይመስላል። እርሱ ግን አልመታም። በ5ቱና በ2ቱ ሁለት ጠጠሮቹን አንድ ቤት ላይ አገናኝቶ አስጠጋና እጁን ሰበሰበ። በቆጠራ ቀድሞም ነበር። ባላጋራው የቀረውን ጠጠር ይዞ አመለጠ፤ ከዚያም ከ36 አንዴ የሚወድቀው ሁለት ስድስት ወደቀለትና ቀድሞ አውጥቶ ጨረሰ። 4 ለ 4 ሆኑ። የመጨረሻውንም ጨዋታ ባላጋራው አሸነፈ።

ከዚያ በኋላ ነው ወሬው የተነሣው። «ሸጠው» ተባለ። በሻይ ቤቱ ተባለ፣ በጨርቃ ጨርቁ ፈረቃ መግቢያ ላይ ተባለ፣ በመጨረሻም ከልጆቹ ጆሮ ገባ። ከዚያን ዕለት ወዲህ ሰውየው ስብሰባ አልመጣም፤ መዋጮውን በልጁ እጅ ይልካል። ሁለት ለቅሶ ላይ ታይቷል፤ ይኸውም ቆሞ ቀብሮ ድንኳን ሳይገባ ሄደ። የቅሬን ሕግ የምታውቁ ሁሉ ይህ ወዴት እንደሚያመራ ታውቃላችሁ። ድንኳን የማይገባ ሰው ነገ ድንኳን ሲተከልበት ማን ይቀመጥለታል? ስለዚህ ኮሚቴው ነገሩን በስሜት ሳይሆን በሒሳብ መርምሮ የደረሰበትን ለጉባኤው እንዲያስረዳ ተወሰነ።

እንግዲህ ሒሳቡን ከፍለን እንየው። የሒሳብ ሹማችን እንዳይሠጉ፣ ከመደመርና ከማባዛት አያልፍም።

መጀመሪያ ነጥብ ባይኖር፣ ጨዋታው እንዲሁ በየነጥቡ የሚቆጠር ቢሆን ምን ይሻል ነበር እንበል። ለማስረዳት ያህል ቁጥር እንስጠው። በጥንቃቄ ቢያስጠጋ ከ100 ጊዜ 70 ያሸንፋል፤ ከ70ዎቹ 5ቱ ማርስ ይሆናሉ። 30 ይሸነፋል፤ ከእነርሱ 2ቱ ማርስ ይሆኑበታል። ቢመታ ግን የሚመታበት ጠጠር ራሱ ብቻውን ስለሚቆም፣ ባላጋራው ሲመለስ ከ36 አወዳደቆች ቢያንስ በ11ዱ መልሶ ያገኘዋል። ስለዚህ ከ100 የሚያሸንፈው ወደ 65 ይወርዳል እንበል፤ ነገር ግን ከ65ቱ 30ዎቹ ማርስ ይሆናሉ። 35 ይሸነፋል፤ ከእነርሱም 10ሩ ማርስ ይሆኑበታል።

በየነጥቡ ሲቆጠር፣ ጥንቃቄው 70 ከነ5 ጭማሪው 75 ያስገባል፤ 30 ከነ2 ጭማሪው 32 ያስወጣል፤ ትርፉ 43 ነው። መምታቱ 65 ከነ30 ጭማሪው 95 ያስገባል፤ 35 ከነ10 ጭማሪው 45 ያስወጣል፤ ትርፉ 50 ነው። ስለዚህ በተራ ጨዋታ «ምታ!» ብሎ የጮኸው ሕዝብ ልክ ነበር። ይህን በግልጽ እንመሰክራለን። ዓይናችሁ አልተሳሳተም።

ግን ነጥቡ 4 ለ 3 ነበር። የቀረችው አንድ ነጥብ ናት። አባላችን በማርስ ቢያሸንፍ ሁለት ነጥብ አግኝቶ 6 ይሆናል፤ 6 ደግሞ ከ5 የሚበልጥ ትሪ አያሰጥም። ማርሱ ለእርሱ እንደ ሁለተኛ የቀብር ድንኳን ነው፤ አንዱ ከተተከለ ሌላው ዕቃ ቤት ይቀመጣል። ለባላጋራው ግን ማርስ ሕይወት ነው፤ ከ3 ተነሥቶ በአንድ ጨዋታ 5 ይገባል።

እንግዲህ በዚህ ነጥብ ላይ እንደገና እንቁጠር። 4 ለ 4 ቢሆኑ ሁለቱም እኩል ስለሆኑ ግማሽ ግማሽ እንበል። ቢያስጠጋ፣ ከ100ው በ70ው ወዲያው ይጨርሳል። በ28ቱ ተራ ሽንፈት ተሸንፎ 4 ለ 4 ይሆናል፤ የ28 ግማሽ 14 ነው። በ2ቱ ማርስ ተደርጎ ይወጣል። ድምሩ ከ100 84 ጊዜ ዋንጫው የእርሱ ነው። ቢመታ ደግሞ በ65ቱ ይጨርሳል፤ በ25ቱ 4 ለ 4 ይሆናል፣ የዚህ ግማሽ አሥራ ሁለት ተኩል ነው፤ በ10ሩ ማርስ ተደርጎ ያልቅለታል። ድምሩ ሰባ ሰባት ተኩል። 84 ከሰባ ሰባት ተኩል ይበልጣል። አለቀ። ያስጠጋው ፈርቶ ሳይሆን ቆጥሮ ነው።

ቆጠራውን አሁን ገልብጣችሁ እዩት፤ ነገሩ የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነው። ያው ሰሌዳ፣ ያው 5 እና 2፣ ግን ነጥቡ 3 ለ 4 ሆኖ አባላችን ተመሪ ቢሆንስ? ቢሸነፍ በአንድም በሁለትም ያው ነው፤ አለቀለት። ቢያስጠጋ በ5ቱ ማርስ ያሸንፋል፤ በ65ቱ 4 ለ 4 ይደርሳል፣ ግማሹ ሠላሳ ሁለት ተኩል፤ ድምሩ ሠላሳ ሰባት ተኩል። ቢመታ በ30ው ማርስ ወዲያው ያልቃል፤ በ35ቱ 4 ለ 4 ይሆናል፣ ግማሹ አሥራ ሰባት ተኩል፤ ድምሩ አርባ ሰባት ተኩል። ከ100 የ10 ልዩነት! በዚያ ነጥብ ላይ ያልመታ ሰው ነበር መወቀስ የነበረበት። ሰሌዳው አንድ፣ ዳይሱ አንድ፣ ፍርዱ ግን ሁለት።

4 ለ 4 ከሆነስ? ያን ጊዜ ማርስ ለማንም አይጠቅምም፤ የሚቆጠረው ማሸነፍ ብቻ ነው። 70 ከ65 ይበልጣልና ያስጠጋል። ነገር ግን በ4 ለ 4 ላይ የተለየ ድፍረት የሚፈቀድበት ሌላ መንገድ አለ። ማርስ መሆን የማያስፈራ ስለሆነ፣ በቆጠራ ወደ ኋላ የቀረ ሰው ጠጠሮቹን በባላጋራው ጓዳ ውስጥ ቆልፎ መጠበቅ ይችላል። በ0 ለ 0 ይህን ያደረገ ሰው ብዙ ጊዜ ማርስ ተደርጎ ይነሣል፤ በ4 ለ 4 ግን ቢደረግም የሚከፍለው ያችኑ አንዲት ሽንፈት ነው። ከኮሚቴያችን አንዷ እኅታችን በዚህ አጨዋወት ስንቱን ጎበዝ እንዳስለቀሰች የምታውቁ ታውቃላችሁ።

ሌሎቹን ነጥቦች በቶሎ እንለፋቸው። በ0 ለ 0 እና በ1 ለ 1 እንደ ተራ ጨዋታ ተጫወቱ፤ መንገዱ ገና ረጅም ነው። በ3 ለ 3 ሁለቱም ሁለት ሁለት ስለሚጎድላቸው ማርስ ለሁለቱም ይጣፍጣል፣ ለሁለቱም ያስፈራል። በ4 ለ 2 መሪው ማርስ አያስፈልገውም፤ ተመሪው ግን ማርስ ቢያገኝ በአንድ ጊዜ 4 ለ 4 ይሆናልና ይፈልገዋል። በ4 ለ 3 ለተመሪው የማርስ ዋጋ በተራ ጨዋታ ካለው እጥፍ ነው። ተጫዋቾቹ እኩል ቢሆኑና ከአምስት ጨዋታ አንዱ በማርስ ያልቃል ብንል፣ በ4 ለ 3 ተመሪው ዋንጫውን የሚወስደው ከ100 ወደ 30 ጊዜ ያህል ነው። ማርስ የሚባል ደንብ ባይኖር 25 ብቻ ነበር።

መሪ ስትሆኑ ሌላም ሥራ አለ፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። በ4 ለ 3 እየመራችሁ ጨዋታው ከተበላሸባችሁ፣ ተስፋ ቆርጣችሁ ጠጠር አትወርውሩ። ጠጠራችሁን ሰብስባችሁ ወደ ጓዳ አግብታችሁ አንዲት ጠጠር ብቻ ብታወጡ ማርሱ ይቀራል፤ ነገ 4 ለ 4 ሆናችሁ ግማሽ ዕድል ይዛችሁ ትቀመጣላችሁ። አንዲቷን ጠጠር ሳታወጡ ከቀራችሁ ግን ቤት ነው መሄድ።

ሾፌሩ አባላችን ይህን ነገር በራሳቸው ቋንቋ ያስረዱ ነበር። «ከደሴ ጭነህ ሐረጎን ስትወርድ ማን ቀድሞ ደረሰ ብሎ የሚጠይቅህ የለም፤ በዝቅተኛ ማርሽ ይዘህ ኮምቦልቻ መግባት ነው። ባዶህን ሽቅብ ስትወጣ ግን ካልረገጥክ አትወጣም» ይላሉ። መሪ የሚወርድ፣ ተመሪ የሚወጣ ነው። ጠመዝማዛው ያው ነው፤ እግር የሚያርፍበት ፔዳል ግን ሌላ ነው።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያውስ የመራ ሁሉ ይሸሽ» ብሎ ይደመድማል። ይህ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። በ4 ለ 1 መርተው እጃቸው የተሳሰረ፣ መምታት የሚገባቸውን ሳይመቱ፣ ቤት መሥራት የሚገባቸውን ሳይሠሩ ዝም ብለው የተመቱ ሰዎች በዚህ አዳራሽ አይተናል። በ4 ላይ ያለ ሰው ማርስን ይተው እንጂ ማሸነፍን አይተው። መምታቱ ማሸነፍን ከ70 ወደ 75 ከፍ የሚያደርግ ከሆነ በ4 ለ 3ም ይምታ! ጥያቄው «አደጋ አለው ወይ?» የሚል አይደለም፤ «አደጋው የሚገዛልኝ ነገር በዚህ ነጥብ ላይ ይጠቅመኛል ወይ?» የሚል ነው።

በዚህ ረገድ ከሌላ ጨዋታ ምሳሌ እናምጣ። የቼስ ዓለም ሻምፒዮና በ1977 ዓ.ም. በሞስኮ ሲካሄድ ደንቡ ቀድሞ 6 ያሸነፈ ይውሰድ የሚል ነበር። አናቶሊ ካርፖቭ ጋሪ ካስፓሮቭን 5 ለ 0 መራው። አንዲት ብቻ ቀረችው። ያችን አንዲት ግን አላገኛትም፤ ጨዋታው እኩል በእኩል እየሆነ ወራት ተጎተተ፣ ካስፓሮቭም ሦስት አሸነፈ፤ 48 ጨዋታ ከተደረገ በኋላ ውድድሩ በ5 ለ 3 ላይ እንዲቆም ተደረገ። አምስት ለዜሮ መርቶ ያልጨረሰ ሰው ታሪክ ለመሪዎች ሁሉ ይነገር እንላለን።

የዚህ ተቃራኒ የታየው በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. በስፔን ሴቪያ ከተማ ነው። እነዚያው ሁለቱ ተጋጠሙ፤ አንድ ጨዋታ ሲቀር ካርፖቭ 12 ለ 11 መራ። ካስፓሮቭ ማዕረጉን እንዲይዝ የመጨረሻዋን ጨዋታ የግድ ማሸነፍ ነበረበት፤ እኩል መውጣት አይበቃውም። ሰው ሁሉ እሳት ሆኖ ይነሣል ብሎ ሲጠብቅ፣ እርሱ በዝግታ ከፈተ፣ ጠጠር ሳይቀያየር ሰሌዳውን ሞልቶ ያዘ፣ ባላጋራውን ቀስ እያለ አጣበቀው፤ በመጨረሻም አሸንፎ 12 ለ 12 አድርጎ ማዕረጉን ጠበቀ። ይህን የጠቀስነው ተመሪ ሁሉ ይንደድ፣ ይፋጅ አላልንም ለማለት ነው። ነጥቡ የሚለውጠው የምንፈልገውን ነው። መንገዱን ደግሞ ሰሌዳው ይነግረናል።

የኳስ ወዳጆችም አትከፉ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ቡድናችን በግብፅ ሁለት ጊዜ ተመርቶ ነበር። ሉቺያኖ ቫሳሎ መደበኛው ጊዜ ሊያልቅ ሲል 2 ለ 2 አደረገው፤ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው 4 ለ 2 አለቀ። ተመሪ ቡድን መጨረሻ ላይ ተከላካዩን ወደ ፊት ሲልክ «ለምን ጎሉን ከፈተ?» ብሎ የሚጮህ የለም፤ በ1 ልዩነት መሸነፍና በ2 መሸነፍ ያው መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ኳስ ላይ የምናውቀውን ጣውላ ላይ ስንደርስ ለምን እንረሳዋለን? ኳሱ ላይ ውጤቱ በትልቁ ተጽፎ ይታያል። እኛ አዳራሽ ግን ነጥቡ በሁለት የክብሪት እንጨት ከጠረጴዛው ሥር ይያዝ ነበር፤ ከኋላ የቆመው ሕዝብ ሰሌዳውን እንጂ ክብሪቱን አያይም።

የአሸናፊነት ዋጋ የተለያየ መሆኑ ለአገራችንም አዲስ አይደለም። በድሮው ሰንጠረዥ ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ መያዝ ብዙም አያስመሰግንም ነበር፤ በፊል ሲሆን ይጨበጨባል፤ በመደቅ ሲሆን ደግሞ ሙገሳው ይበልጣል። ስለ ሰንጠረዥና ስለ ገበጣ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ጽፈዋል፤ ማንበብ የሚወድ ፈልጎ ያንብብ። እንዲያ ያለው ጨዋታ ለመኳንንቱ ግብር ቤት መልካም ነው፤ ክብሩ በራሱ ነጥብ ነበርና። እኛ ግን እስከ 5 ብለን ደንብ ካወጣን በኋላ በአፋችን ሌላ ነጥብ መቁጠር አልነበረብንም። ሰውየው በአንደኛው ደንብ ሲጫወት ሕዝቡ በሌላኛው ፈረደበት።

አሁን «ሸጠው» ወደሚለው እንምጣ። ኮሚቴው ይህን ሲመረምር አንድ ነገር አየ። ጨዋታ ሊሸጥ የተቀመጠ ሰው ቢሆን ኖሮ የሚሻለው መምታት ነበር! ሕዝቡ «ምታ» እያለው ነው፤ ቢመታ ይጨበጨብለታል፤ ጠጠሩ ብቻውን ስለሚቆም የመመታት ዕድሉ ይሰፋል፤ ቢሸነፍም «ደፋር ነው፣ ዳይሱ ከዳው» ይባልለታል። ገንዘቡንም ስሙንም ይዞ ይሄድ ነበር። በጩኸት መሐል ጸጥ ብሎ የማይጨበጨብበትን፣ ነገር ግን የሚሻለውን የመረጠ ሰው ሻጭ ነው ማለት ከምኑ ላይ ተገኘ?

የተሸነፈበት ምክንያትም ይታወቅ። ሁለት ስድስት ነው የወደቀበት። ያ ከ36 አንድ ነው። ዳይስ እንዲህ ያደርጋል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በሞንቴ ካርሎ ሐንስ በርሊነር የተባሉ ሳይንቲስት የሠሩት የኮምፒውተር ፕሮግራም የጊዜውን የዓለም የባክጋሞን ሻምፒዮን ሉዊጂ ቪላን 7 ለ 1 አሸንፎት ነበር። ዓለም ጉድ አለ። የሠሩት ሰው ራሳቸው ግን ዳይሱ ለማሽኑ አድልቶ እንደነበር አልሸሸጉም። ያሸነፈ ሁሉ የተሻለ አልተጫወተም፤ የተሸነፈም ሁሉ አላጠፋም። ዛሬ ከዚያ እጅግ የላቁ ፕሮግራሞች አሉ፤ እያንዳንዱን አጨዋወት የሚመዝኑት ነጥቡ ስንት ለስንት እንደሆነ ከተነገራቸው በኋላ ነው። ማሽን እንኳ ነጥብ ጠይቆ የሚፈርድ ከሆነ የእኛ መቸኰል ምንድነው?

ስለሆነም ኮሚቴው ለጉባኤው የሚያቀርበው እንደሚከተለው ነው። አንደኛ፣ በአባላችን ላይ የተወራው ከሒሳብም ከማስረጃም የራቀ መሆኑ በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ከሥራ አስፈጻሚው ሁለት ሰው፣ አንድ ከእናቶች ወገን ሆነው እቤቱ ድረስ ይሂዱ። በመልእክት አይሁን፤ ወሬው በእግሩ እንደሄደ ይህም በእግሩ ይሂድ። መዋጮውን በልጁ እጅ መላኩ እንደ መቅረት እንዳይቆጠርበትና ቅጣት እንዳይጻፍበት የሒሳብ ሹሙን እንጠይቃለን። የልጁ ደረሰኝ ሁሉ ተሟልቶ መገኘቱንም አይተናል።

ከዚያ በተረፈ፣ ከዘንድሮው ውድድር ጀምሮ ነጥቡ በግድግዳው ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ በትልቁ ይጻፍ፤ ከበር የሚገባ ሰው ሁሉ ይየው። ጨዋታው እያለ ምክር መስጠት፣ «ምታ» ማለትም ሆነ «ሽሽ» ማለት ይከልከል፤ ያልቻለ ዳማው ጋ ሄዶ ይጩኽ፣ እዚያ ማንም ማንንም አይሰማም። ዳይሱ በእጅ ሳይሆን በሲኒ ተንቀጥቅጦ ይጣል። የፍጻሜው ግጥሚያ እስከ 5 መሆኑ ቀርቶ እስከ 7 ይሁን የሚል ሐሳብ ከወጣቶቹ መጥቷል፤ ኮሚቴው ይደግፈዋል፤ ረዘም ያለ ግጥሚያ የአንዲት ዳይስን ጉልበት ይቀንሳልና። ግን ሰዓቱ ከመግሪብና ከሠርክ ጸሎት ጋር እንዳይጋጭ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ይጀመር።

መማር ለሚፈልጉ አባላት እሑድ እሑድ መዋጮ ካለቀ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል እናስተምራለን፤ ከላይ የጠቀስነውን ቆጠራም በወረቀት ጽፈን ከማስታወቂያው አጠገብ እንለጥፈዋለን። ወረቀቱን የሚጠራጠር ሰው ራሱ ቁጥሩን ለውጦ ይደምር፤ ሰባውን ስድሳ ስምንት ቢያደርገውም በዚያ ነጥብ ላይ ማስጠጋቱ ይበልጣል፤ ወደ ሃምሳ አምስት ቢያወርደው ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ያንንም አይተን እንከራከራለን።

በመጨረሻም፣ ጣውላይቱ ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ሁለት ጥቋቁር ጠጠሮች ጎድለውባታል፤ ለጊዜው በጠርሙስ ቆርኪ ነው የምንጫወተው። ምናልባት ከድንኳኑ ሸራ ጋር ተጠቅልለው ሄደው ከሆነ፣ ወይም ልጆች ወስደዋቸው ከሆነ፣ ያገኘ ሰው ለዕቃ ቤት ጠባቂያችን ያስረክብልን።